የእትዬ መቀስ ወገብ

እትዬ መቀስ ይህን ቅጽል ስም ያገኘችው በሁለት ነገር ነው፤ በእጇና በምላሷ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ስለታም እንደሆነ በስፌት ቤቱ ውስጥ እስካሁን ክርክር አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ የቅድ ጠረጴዛ ፊት ቆማ ጨርቅ ቆርጣለች። ኮት ቆርጣለች፣ የነርሶች ጋውን ቆርጣለች፣ የተማሪ ዩኒፎርም በሺህ ቆርጣለች፤ አንድም ቀን "ትንሽ ተሳሳትኩ" ብላ አታውቅም። ብትሳሳትም አትልም ነበር፤ ደግነቱ አልተሳሳተችም። ደንበኛ ሲገባ ሜትር ሳታነሳ ከሩቅ አይታ "የቀኝ ትከሻህ ዝቅ ብሏል፤ ቦርሳህን በዚያ በኩል ነው የምትይዘው" ትለዋለች። ሰውየውም ደንግጦ ቦርሳውን ወደ ግራ ያዞራል።

የሰው ትከሻ እንዲህ የምታነብ ሴት የራሷን ወገብ ግን አንድም ቀን ዞር ብላ አላየችውም። ጠዋት ስትነሳ "ውይ" ትላለች፤ ስትቀመጥ "ውይ" ትላለች፤ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ደግሞ "ውይ ውይ" ትላለች። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር የሆነው ባሏ "ሚስቴ እንደ አሮጌ በር ናት፤ ሳትጮህ አትከፈትም" እያለ ይቀልዳል። እሷም ዝም አትልም። "አንተ ደግሞ ገና በሩን ሳታልፍ ሆድህ ገብቶ ወንበር ይይዛል" ትለዋለች። እንዲህ እየተሳሳቁ ዓመታት አለፉ። ሕመም ሲላመዱት እንደ ጎረቤት ነው፤ ቢያስቸግርም ሰላምታ አይነሱትም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን ጎረቤቱ በሩን ገንጥሎ ገባ። ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። መስመር የምታሰምርባት ስስ የሳሙና ቁራጭ ከጠረጴዛው ላይ ወደቀች። እትዬ መቀስ ጎንበስ አለች። ሳሙናዋን አነሳች። እሷ ራሷ ግን አልተነሳችም።

"ምን ጠፋዎት እትዬ?" አለች በቅርብ ካለው የስፌት መኪና ላይ የተቀመጠችው ሰፊ፣ የወደቀ መርፌ የምትፈልግ መስሏት።

"ወገቤ ጠፋኝ" አለች እትዬ መቀስ ከጠረጴዛው ሥር።

አራት ሰው ሆነው እንደ ታጠፈ ወንበር አንስተው ታክሲ ውስጥ አስገቧት። ሐኪሙ ራጅ አስነሳት፣ ጀርባዋን ነካካ፣ እግሯን አንድ በአንድ አነሳ አወረደ። ከዚያ "አጥንትዎ ደህና ነው" አላት። "ችግሩ ጡንቻ ነው። አከርካሪዎን ደግፈው መያዝ የነበረባቸው የሆድና የወገብ ጡንቻዎች ሥራ ፈትተዋል።"

እትዬ መቀስ በሕይወቷ ብዙ ነገር ተብላለች፤ "ሥራ ፈት" ግን ተብላ አታውቅም። ከወገቧ ይልቅ ያ ቃል አንገበገባት። "እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ስለፋ እነሱ ተኝተው ነበር ማለት ነው?"

"እንደዚያ ይበሉት" አለ ሐኪሙ እየሳቀ። "አሁን ይቀስቅሷቸው። ጀርባ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጀምሩ።"

ሁለት ሳምንት ተኝታ ወደ ሥራ ስትመለስ በመስኮቱ ጥግ አዲስ ወንበር ተቀምጦ አገኘች። ወንበሩ ትራስ አለው። ያስቀመጠው ትንሹ አለቃ ነው። ትንሹ አለቃ ስፌት ቤቱን ከአባቱ፣ ከትልቁ አለቃ፣ የወረሰ፣ በልጅነቱ እሷው በቆረጠችለት ሱሪ ትምህርት ቤት የሄደ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ተጣልታው ይወጣላት ነበር። ደግ ሰውን ግን እንዴት አድርገው ይጣሉታል?

"እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አረፍ ብለው ቁልፍ ይትከሉ" አላት። "ብርሃንም አለው።"

"ቁልፉስ ይተከላል። ቅዱን ማን ይሠራዋል?"

ትንሹ አለቃ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ከአራት ወር በኋላ የቴአትር አዳራሹ መጋረጃ ይመጣል። ከፋይ ጨርቅ ነው፤ ሁለት ክንፍ፣ እያንዳንዱ ዘጠኝ ሜትር ቁመት። ጠረጴዛችን አራት ሜትር ነው። ስለዚህ ወለል ላይ ተነጥፎ፣ ተንበርክኮ ነው የሚቆረጠው። ከሌላ ስፌት ቤት አንድ ጎበዝ ቆራጭ አነጋግሬያለሁ። ከዚያ ወዲያም ጠረጴዛውን እሱ ይይዘዋል። ለእርስዎ ብዬ ነው።"

"ወለሉ ላይ እኔ እወርዳለሁ።"

"መውረዱንስ ይወርዳሉ እትዬ። ማን ያነሳዎታል?"

ሰፊዎቹ ሁሉ ከስፌት መኪናቸው ቀና አሉ። ትንሹ አለቃ በክፋት አልተናገረውም፤ ያቃጠላትም እሱ ነው። እውነት ነዋ! ማን ያነሳታል?

"መጋረጃው ይምጣ" አለች። "ወርጄ፣ ቆርጬ፣ በራሴ እግር ካልተነሳሁ መቀሱን በእጄ አስረክብሃለሁ። ቁልፍህንም እተክላለሁ፤ ምላሴንም እሰበስባለሁ።"

የመጨረሻውን ማንም አላመነም። ትንሹ አለቃ ግን "ይሁን" አለ፤ ሁሉም ሰምቷል።

ከስፌት ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ፒላተስ የሚባል የሰውነት እንቅስቃሴ የሚሠራበት አዳራሽ አለ። ከተከፈተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከታች ያሉት ሰፊዎች ግን ምን እንደሚሠራበት በቅጡ አያውቁም። ሙዚቃ አይሰማም፣ ዝላይ አይሰማም። አልፎ አልፎ ብቻ ሃያ ሰው ባንድነት "ፉ" ሲል ይሰማል። "ላይ ቤቶች ዛሬም ሻማ እያጠፉ ነው" ይባባላሉ። እትዬ መቀስ የአዳራሹን ምንጣፎች ልባስ ቆርጣ ስለምታውቅ ከአሠልጣኟ ጋር በዓይን ይተዋወቃሉ። ያችን ሴት ባየች ቁጥር ከትከሻዋ እስከ ተረከዟ በዓይኗ መስመር ታሰምርና "አንድም ቦታ አልተጨማደደችም" ትላለች። ከትንሹ አለቃ ጋር በተስማማች ማግስት የደረጃውን መደገፊያ ይዛ፣ በየስድስት ደረጃው እየቆመች ወጣች።

አሠልጣኟ ምን ፈልጋ እንደመጣች ጠየቀቻት። ሌሎቹ አንዷ ውፍረት ልቀንስ፣ አንዷ እንቅልፍ አጣሁ፣ አንዷ ከወለድኩ ወዲህ አቅም አነሰኝ ብለው ነው የተመዘገቡት።

"መንበርከክ፣ ዘጠኝ ሜትር ከፋይ መቁረጥ፣ በራሴ መነሳት" አለች እትዬ መቀስ። "አራት ወር አለኝ።"

አሠልጣኟ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት። "እንዲህ ያለ ጥያቄ መጥቶልኝ አያውቅም" አለች። "ግን ከሁሉም የጠራው እሱ ነው።"

በመጀመሪያው ቀን የባሏን የፒጃማ ሱሪ አጥብባ፣ አሳጥራ፣ ወገቡ ላይ ላስቲክ አስገብታ መጣች። ሌሎቹ ከሱቅ ከገዟቸው ሱሪዎች ሁሉ ይልቅ በልኩ የተቀመጠው የሷ ነበር፤ ይህን ለራሷ ሳትናገር አልቀረችም። ምንጣፉ ላይ ለመተኛት ግን አንድ ግድግዳ፣ አንድ ወንበርና ሁለት ስድብ አስፈለጋት። ተኝታ ጣሪያውን ስታይ አሠልጣኟ "በአፍንጫ እናስገባ፤ በአፍ እናውጣ" አለች። እትዬ መቀስ አስገባች። ሌሎቹ "ፉ" አሉ። እሷ ዘንድ ግን የገባው አልወጣም። ከንፈሯ ተገጥሞ፣ ፊቷ ቀልቶ ቀረች።

"እትዬ፣ ትንፋሹን የት አደረሱት?" አለች አሠልጣኟ አጠገቧ ተንበርክካ።

"ይዤዋለሁ።"

"ለምን?"

እትዬ መቀስ ይህን ተጠይቃ አታውቅም። ጣሪያውን እያየች አሰበችበት፤ ነገሩም ገባት። ልብስ በደንበኛ ላይ ስታስተካክል አምስት ስድስት ስፒል በከንፈሯ ትይዛለች። ስፒል በአፉ የያዘ ሰው አፉን አይከፍትም፤ እንደልቡም አይተነፍስም። ረጅም መስመር ስትቆርጥ ደግሞ መቀሱ ዳር እስኪደርስ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ትልቁ አለቃ "መቀስ ሲሄድ ትንፋሽ ይቁም" ብሎ ነው ያስተማራት። እንዲህ እንዲህ ሲል ሥራ በከበዳት ቁጥር አፏ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ሠላሳ አንድ ዓመት!

ስትነግራት አሠልጣኟ ሳቋ መጣ። "አሁን አፍዎ ውስጥ ስፒል የለም እትዬ" አለች። ከእትዬ መቀስ እጅጌ ላይ አንዲት ብጫቂ ክር አንስታ በመዳፏ ላይ አድርጋ አቀረበችላት። "ይቺን ክር ያባሯት እስቲ።"

እትዬ መቀስ ነፋች። ክሯ በረረች። በዚያው ቅጽበት ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ አንድ ነገር ሰብሰብ፣ ጠበቅ ሲል ተሰማት፤ ባዶ ነው ያሉት ክፍል ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ እንደመስማት ነበር።

"ውይ! እዚህ ሰው አለ እንዴ?" አለች።

"እሱ ነው ተኝቶ የነበረው" አለች አሠልጣኟ።

ቤት ገብታ ለባሏ ስትነግረው "ተንጋሎ መተንፈስ ከሆነማ እኔ ሃያ ዓመት ሶፋ ላይ ሠርቼዋለሁ" አላት። እሑድ ቤት ውስጥ ስትለማመድ ሊያሾፍባት ከጎኗ ምንጣፉ ላይ ተጋደመና በሦስተኛው ትንፋሽ አንኮራፋ። ቀልዱ ግን በክፋት አልነበረም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ ደረጃውን እንደምትወጣ ስለሚያውቅ ራቱን እሱ ይሠራ ጀመር። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያለ ያጽናናታል።

"እንቁላሉ አራት ወር ብቻ አልተሰጠውም" ትለዋለች እሷ።

ጥፋቱም የመጣው ከዚህ ጥድፊያ ነው። አሠልጣኟ በየመሃሉ "እምብርታችሁን ወደ አከርካሪያችሁ ሳቡ" ትላለች። እትዬ መቀስ ትስባለች፤ ወዲያው ደግሞ ይለቃታል። ስትስብ ይለቃል፣ ስትስብ ይለቃል። ሌላ ሰው ቢሆን "ልምምድ ነው፣ ይመጣል" ብሎ ይጠብቅ ነበር። ልብስ ሰፊ ግን ይህን አያውቅም። ለልብስ ሰፊ በራሱ አልቆም ያለ ነገር ገበር ይገባለታል፣ ማሰሪያ ይደረግለታል፣ አለቀ። ስለዚህ ከድርብ ሸራ ስፋቱ አንድ ስንዝር የሆነ ቀበቶ ቆረጠች። በስድስት መንጠቆ ሆዷን ጥርቅም አድርጎ እንዲይዝ አድርጋ ሰፋችው። ስፌቱ ወርቅ ነበር። ከቀሚሷ ሥር አሰረችውና ወገቧን ታጥቃ ሥራ ገባች።

ተአምር ነው! ቀጥ ብላ ቆመች። "ውይ" ቀረ። ሰፊዎቹ "እትዬ ወጣት ሆኑ" አሏት። ትንሹ አለቃ ራሱ "ተሽሎዎታል መሰለኝ" አለ፤ እሷም "ገና ምን አይተህ" ብላ አለፈችው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሥራ ቦታም፣ ቤትም፣ አዳራሹም ውስጥ ቀበቶው አልተፈታም። አሠልጣኟ ግን ነገሩ ግራ ገብቷት ነበር። ሆዷ ሲነኩት ድንጋይ ነው፣ እግሯን ትንሽ ስታነሳ ግን ሁለመናዋ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ሐሙስ ድልድይ የሚሉትን እየሠሩ ነበር፤ በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ዳሌን ከመሬት ማንሳት ነው። እትዬ መቀስ ዳሌዋን አነሳች። "ጧ!" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አንድ መንጠቆ ከልብሷ ሥር ተስፈንጥሮ ወጥቶ ትልቁን መስታወት መታ።

አሠልጣኟ መንጠቆውን ከወለሉ አነሳች። "ይሄ ምንድን ነው እትዬ?"

"የቀበቶዬ ነው።"

"ማን ሰፋልዎት?"

"ከእኔ ሌላ እንዲህ አድርጎ ማን ይሰፋል?" አለች እትዬ መቀስ። ይህን ስትል ኩራት እንጂ እፍረት አልተሰማትም ነበር።

አሠልጣኟ አልሳቀችባትም። አጠገቧ ተቀምጣ ቀበቶውን አገላብጣ አየችው። "ስፌቱ በጣም ግሩም ነው" አለች። "ችግሩም እሱ ነው። የተኙትን ልቀስቅስ ብለው መጡ፤ ከዚያ በእነሱ ምትክ ሠራተኛ ቀጠሩላቸው።"

እትዬ መቀስ ቤቷ ገብታ የገዛ ስፌቷን በምላጭ ተረተረችው፤ ክር በክር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ደግሞ የለቀመችው ስድስት ሳምንት ነው። መጋረጃው ሊመጣ ሰባት ሳምንት ቀረው። በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ያለ ቀበቶ በእጅና በጉልበቷ ስትንበረከክ አንድ ደቂቃ መቆየት አቃታት፤ ወገቧ እንደ ረጠበ ካርቶን ወረደ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ አለቀሰች። እትዬ መቀስ ስታለቅስ ያየ ሰው ብዙ አይደለም። ያስለቀሳት ሥራው ብቻ አልነበረም። ፈርታ ነበር። ትራስ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በእጇ ቁልፍ ይዛ፣ የሌላ ሰው እጅ በጠረጴዛዋ ላይ መስመር ሲያሰምር ዕድሜዋን ሙሉ የምታይ መስሎ ታይቷት ነው።

አሠልጣኟ በሩን አንኳኩታ ገባች። "ከክሯ እንጀምር?" ብቻ አለቻት።

ከክሯ ጀመሩ። ዐሥር ሲባል ዐሥር፣ አምስት ሲባል አምስት። እትዬ መቀስ ትርፍ መሥራት ተከለከለች፤ ለእሷ ከዚህ የከበደ ቅጣት አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት ተንበርክካ ሦስት ደቂቃ ቆየች። በሦስተኛው የቀኝ እጇን ወደፊት፣ የግራ እግሯን ወደኋላ ዘርግታ ሳትወላውል እስከ ስምንት ቆጠረች። በአራተኛው "እንግዲህ ባዶ እጅ ምን ይሠራልኛል?" ብላ ትልቁን የቅድ መቀስ ይዛ መጣች። አሠልጣኟ ፈቀደችላት። በግራና በቀኝ የነበሩት ሴቶች ግን ምንጣፋቸውን ሁለት ሁለት ክንድ ራቅ አደረጉ። መቀሱ ከባድ ነው፤ እጇን ዘርግታ ስትይዘው ክብደቱ እጇ ላይ ሳይሆን ሆዷ ላይ አረፈ፤ ሆዷም ተቀበለው። ያን ቀን ደረጃውን ስትወርድ መደገፊያውን ሳትይዝ መውረዷን ያወቀችው ታች ከደረሰች በኋላ ነው።

መጋረጃው በቀኑ መጣ። ጥቁር ቀይ ከፋይ ነው፤ ጥቅሉን ሦስት ሰው ነው የተሸከመው። የስፌት መኪናዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፉ፣ ወለሉ ተጠርጎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ አቡጀዲ ተነጠፈበት፤ ከፋዩም በፊቱ ተደፍቶ ከግድግዳ እስከ በር ተዘረጋ። ከሌላ ስፌት ቤት የተጠራው ቆራጭም መጥቷል። የራሱን መቀስ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። ጨዋ ሰው ነው፤ "እንደምን አደሩ እትዬ" ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሌላ ምን ያድርግ? ጥሩ ሲባል መጣ እንጂ እሱም የማንንም ጠረጴዛ ሊነጥቅ አልተነሳም።

ከፋይ ጠጉር አለው፤ ወደ ታች ሲዳሰስ ይለሰልሳል፣ ወደ ላይ ሲዳሰስ ይቆማል። የሁለቱ ክንፎች ጠጉር ወደ አንድ አቅጣጫ ካልወደቀ መብራት ሲበራ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቡና ዓይነት ይመስላል። እትዬ መቀስ ዳሩን ገልጣ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ በሳሙናዋም የቀስት ምልክት አደረገችበት። መስመሩንም ሁለት ሰፊዎች በነገረቻቸው ልክ ከላይ እስከ ታች አሰመሩ። ከዚያ ቀና ብላ ሁሉንም አየች። ሰፊዎቹ ቆመዋል፤ ትንሹ አለቃ እጁን አጣምሯል፤ አሠልጣኟ ክፍለ ጊዜዋን አስተላልፋ በሩ ላይ ቆማለች።

እትዬ መቀስ አንድ ጉልበቷን መሬት አስነካች፤ ሌላውን አስከተለች። የግራ እጇን ወለሉ ላይ ተከለች። በአፍንጫዋ አስገባች። "ፉ..." ስትል መቀሱ ሄደ።

በዚያ ስፌት ቤት ውስጥ መቀስ ከትንፋሽ ጋር ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ነው። ትልቁ አለቃ ቢያይ ይቆጣ ነበር። ሰፊዎቹ በመጀመሪያው ሜትር ላይ እርስ በርስ ተያይተው ፈገግ አሉ። በሁለተኛው ሜትር ፈገግታው ቀረ። በሦስተኛው ላይ ሳይታወቃቸው አብረዋት ይተነፍሱ ጀመር፤ እሷ "ፉ" ስትል ዐሥራ አንድ ሰው "ፉ" ይላል። መቀሱ ከፋዩን ሲቆርጥ የሚሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት ነበር፤ አይፈጥን፣ አይዘገይ። አራት ሜትር። አምስት።

ስድስተኛው ላይ ወገቧ ጠራት። የድሮው ውጋት ነው፤ ከዳሌዋ ተነስቶ ወደ እግሯ የሚሄደው። እትዬ መቀስ ቆመች። መስመር መሃል ላይ መቀስ አቁማ አታውቅም፤ ይህን ደግሞ እዚያ ያለ ሁሉ ያውቃል። ትንሹ አለቃ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። ቆራጩ የጨርቁን ቋጠሮ ነካ አደረገ። አንዷ ሰፊ ዓይኗን ጨፈነች።

እሷ ግን መቀሱን በቀስታ ወለሉ ላይ አኖረች። ሁለት እጇን ተከለች። ከዚያ በሥራ ባልደረቦቿ፣ በአለቃዋና በማታውቀው ሰው ፊት ጀርባዋን እንደ ተቆጣች ድመት ወደ ላይ አጎበጠችው፤ ቀስ ብላ ወደ ታች ለቀቀችው። ደግማ አጎበጠች፤ ደግማ ለቀቀች። ድሮ ቢሆን "ሰው ምን ይለኛል" ብላ ትሞት ነበር እንጂ አታደርገውም። በሦስተኛው ላይ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ ያ ነገር ሰብሰብ፣ ጠበቅ አለ። አልለቀቀም። ውጋቱ እያጉረመረመ ሄደ። መቀሱን አነሳች።

ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ። የመጨረሻዋ ክር ስትበጠስ ከፋዩ ለሁለት ተከፍሎ ዘና አለ። ማንም አላጨበጨበም፤ ሥራው ገና አልተፈጸመማ! ወርዳለች፣ ቆርጣለች። ሦስተኛው ቀርቷል።

ትንሹ አለቃ አላስቻለውም፤ መጥቶ እጁን ዘረጋላት። ደግ ሰው መሆኑ መቼም አይለቀውም። እትዬ መቀስ የተዘረጋውን እጅ አየችና መቀሱን አስጨበጠችው። ትንሹ አለቃ ደነገጠ፤ የተስማሙበት ነገር ትዝ አለውና ማስረከቧ መሰለው። "ኧረ እትዬ..." አለ በተሰበረ ድምፅ።

"ያዝልኝ" አለች። "ሁለት እጅ ያስፈልገኛል።"

ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። አንድ እግሯን አምጥታ በተረከዟ ረገጠች። አስገባች፤ "ፉ" አለች፤ ተነሳች። ሳትቸኩል፣ ሳትወዛወዝ፣ አንድም "ውይ" ሳይሰማ፣ ልክ የሳሙና መስመር እንደሚወጣ ቀጥ ብላ ወጣች። አሁን ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። አሠልጣኟ በሩ ላይ ቆማ እንባዋን ትጠርጋለች። እትዬ መቀስ ቀሚሷን አራገፈች። ከዚያ እጇን ወደ ትንሹ አለቃ ዘረጋች።

"መቀሴን።"

ትንሹ አለቃ በሁለት እጁ ሰጣት። "የእርስዎ ነው እትዬ" አለ፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ አድርጎ።

ቆራጩ በዚህ መሃል ጎንበስ ብሎ በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ጣቱን እያስኬደ ስድስተኛው ሜትር ላይ ቆሟል። ያቆመችበትን ቦታ እየፈለገ ነው። ወደፊት ሄደ፣ ወደኋላ ተመለሰ፤ አላገኘውም። ቀና ሊል ሲሞክር ወገቡን በእጁ ያዘና ፊቱን አጨማደደ፤ ሃያ ዓመት የቆረጠ ሰው ነው፣ ገና አርባን እንኳ በቅጡ አልዘለለም።

"እትዬ፣ ይቅርታ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰፊዎቹ የሚያወሩለት ያ ላይ ያለው ቤት ወንዶችንም ይቀበላል?"

"ወገብ ያለው ሁሉ ይገባል" አለችው። ወደ ሰፊዎቹ ዞራ "ሁለተኛውን ክንፍ አንጥፉት" አለች። ሲያነጥፉት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ ከፋዩ ተስተካከለ፤ ጠጉሩን ዳሰሰች። ከዚያ ማንም ሳያዛት፣ ማንም ሳይደግፋት፣ እየሳቀች ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ወለሉ ወረደች።